ከነክራንቼ እጅ ነስቻለሁ

የደሴና የኮምቦልቻ ወዳጆቼ፣ ቆሜ ማመስገን ሲገባኝ ቁጭ ብዬ ነው የምጽፈው። እግሬ ገና አልጠናም። ክራንቹን ግድግዳ አስደግፌዋለሁ። ቴፑ ተከፍቷል። እንደምትገምቱት የሚዘፍነው የእንግሊዞቹ የሮክ ባንድ ኩዊን ነው።

ለማታውቁኝ፦ ደሴ ፒያሳ ራዲዮና ቴፕ የምጠግነው ሰውዬ ነኝ። ሰፈሩ «ኩዊን» ብሎ ነው የሚጠራኝ። እንደውም የሰፈሩ ልጆች እናቴ ያወጣችልኝን ስም የሚያውቁት አይመስለኝም።

ነገሩን ባጭሩ ልናገር። ነሐሴ ላይ ዕቃ ገዝቼ ከኮምቦልቻ ስመለስ ሃረጎ ላይ ጉም ወረደ። ሚኒባሱ ተንሸራተተና ቦይ ውስጥ በጎኑ ተኛ። ሹፌሩን አልወቅስም፤ በዚያ ጉም ሰው የገዛ እጁንም አያይም። ተመስገን ነው፣ የሞተ የለም። የእኔ ቀኝ ጭን ግን ሁለት ቦታ ተሰበረ። አራት ሰዎች ከዳገቱ ሮጠው ወረዱ፣ አንዱ ጋቢውን መሬት ላይ አነጠፈ፣ በጋቢው ተሸክመው አስፋልት አደረሱኝ። ወደዚህ ጋቢ እመለሳለሁ።

ሐኪሞቹ አጥንቱ ብረት ይፈልጋል አሉ። ብረቱ ደግሞ ገንዘብ ይፈልጋል። ካሴቶቼን ልሽጥ አልኩ። ሚስቴ «ማን ሊገዛህ?» አለችኝ። እውነቷን ነው፣ ዘንድሮ ካሴት ማን ይገዛል! ይህን የሰሙ የዕቁብ ጓደኞቼ ግን ተራዬ ሳይደርስ ዕቁቡን አንስተው ለሚስቴ ሰጧት። ተራውን የለቀቀልኝ ሰው ልጁን ሊድር ወር ነበር የቀረው። ወንድሜ፣ ሠርጉ ላይ ባልጨፍርም ድምፅ ማጉያው በእኔ ነው።

ደም የሰጣችሁኝ የሆጤ ልጆች፣ ዱዓ ያደረጋችሁልኝ፣ ጸበል ያመጣችሁልኝ፣ ከአንድ ቤት ሁለቱንም ይዛችሁ የመጣችሁም አላችሁ። «አብሽር» ያላለኝ ሰው የለም። ረዳቴ ልጅ፣ ሰባት ሳምንት ሙሉ ሱቄን አንድ ቀን ሳይዘጋ ቆየኝ። ሁለት ራዲዮ አቃጥሏል፣ ይቅር ብዬዋለሁ።

አሁን ወደ ኩዊን። «የአምባሰልና የባቲ አገር ልጅ ሆነህ እንግሊዝኛ ጩኸት ምን ያደርግልሃል?» ስትሉኝ ኖራችኋል። አልጋ ላይ ሆኜም የጠየቃችሁኝ ነበራችሁ። ምስጋናዬ መልሱንም ይዟልና ታገሱኝ።

በ1984 ዓ.ም. የ14 ዓመት ልጅ ሆኜ ሙያ እለማመድ ነበር። አንድ ደንበኛ ካሴት የበላ ቴፕ አመጣ። ክሩን በስንት መከራ ከጎማው ላይ ፈታሁት፣ የተበጠሰውን በስኮች ቀጠልኩ፣ በቢክ እስክሪብቶ ጠመጠምኩት። ሰውዬው ቴፑን ወሰደና ካሴቱን «አይረባም» ብሎ ጥሎት ሄደ። ሳጫውተው እግር፣ እግር፣ ጭብጨባ። እግር፣ እግር፣ ጭብጨባ። «ዊ ዊል ሮክ ዩ» ነበር። ከበሮ የለውም፣ ምቱ በሙሉ እግርና እጅ ነው። መንዙማ እየሰማ ላደገ የወሎ ልጅ ይሄ ምኑ እንግዳ ነው? ዘፋኙ ፍሬዲ መርኩሪ በዚያው ዓመት፣ ኅዳር 14 ቀን፣ ማረፉን ያወቅኩት ግን ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። ዛንዚባር እንደተወለደ ስሰማማ አለቀ፣ የጎረቤት ልጅ አደረግሁት።

ደግሞ እነዚህ ሰዎች የእኔ ቢጤ ጠጋኞች ናቸው። ጊታሪስቱ ብራያን ሜይ ጊታሩን በልጅነቱ ከአባቱ ጋር ነው የሠራው። የአንገቱ እንጨት ከአሮጌ የእሳት ምድጃ መደርደሪያ፣ ስፕሪንጎቹ ከአሮጌ ሞተር ሳይክል። ዕድሜ ልኩን የተጫወተው በዚሁ ነው። ቤዝ ይመታ የነበረው ጆን ዲከን ኤሌክትሮኒክስ የተማረ ሰው ነው። ቆሻሻ ላይ ያገኘውን ሰርኪት አንስቶ፣ ትንሽ ስፒከር ሳጥን ውስጥ ገጥሞ፣ በባትሪ የሚሠራ አምፕሊፋየር አወጣለት። በ1975 እ.ኤ.አ. በወጣው አልበማቸው «ጉድ ካምፓኒ» የሚል ዘፈን አለ። የድሮ የጃዝ ባንድ የሚመስለው የነሐስ ድምፅ ሁሉ ጊታር ነው፣ የወጣውም በዚያ ከቆሻሻ በተነሳ ሰርኪት። ይህን ባወቅኩ ቀን ሱቄ ውስጥ ብቻዬን አጨበጨብኩ። ከዚያ ወዲህ «አይረባም» ተብሎ የሚመጣልኝን ዕቃ ሁሉ ሁለት ጊዜ ነው የማየው።

ሆስፒታል ውስጥ ከጎኔ እጁ የተሰበረ ወጣት ተኝቶ ነበር። ምቱን አስተማርኩት። እሱ እግሩን ይመታል፣ እኔ አጨበጭባለሁ። በሁለት ሰው አንድ ሙሉ ሰው ወጣን። ሲስተር ሮጣ መጥታ «እዚህ ሠርግ ነው እንዴ?» አለች። ሲስተር፣ ይቅርታና ምስጋና። ማታ ማታ ሕመሙ ሲነሳ ኢርፎኔን ሳትነጥቂኝ ስላለፍሽ ደግሞ ሌላ ምስጋና። እነዚያን ሌሊቶች የያዘኝ «ሰምባዲ ቱ ላቭ» ነው። የቤተ ክርስቲያን መዘምራን የሚመስለው ያ ሁሉ ድምፅ የሦስት ሰው ብቻ ነው፣ እየደራረቡ ቀድተውት። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሦስት ሰው መቶ ሆኖ ሲያጅብህ ቀላል አይደለም።

ፊት ለፊቴ ከኩታበር የመጡ አባት ነበሩ። «ልጄ፣ ምንድን ነው እንዲህ የሚያስለቅስህ?» አሉኝ። «ቦሂሚያን ራፕሶዲ»ን ከፍቼ አንዱን ኢርፎን ጆሯቸው ውስጥ ከተትኩ። ዘፈኑ ወደ 6 ደቂቃ ይጠጋል። ሳይንቀሳቀሱ ሰሙት። ሲያልቅ «ይሄ ሰው መጀመሪያ አለቀሰ፣ ኋላ ተካሰሰ፣ ኋላ ተጣላ፣ መጨረሻ ደከመው» አሉ። እኔ 30 ዓመት ሰምቼው እንዲህ አሳጥሬ ተናግሬው አላውቅም። ልጁ ሰው ገድሎ ለእናቱ ሲናዘዝ ነው ብዬ ተረጎምኩላቸው። ተቆጡ። «ለእናት ይነገራል? አበጋር የለም አገሩ? ሽማግሌ ጠፍቶ ነው?» ሲወጡ ግን ሚሞሪያቸው ላይ እንድጭንላቸው ጠየቁኝ። ከመንዙማዎቻቸው ቀጥሎ ጫንኩላቸው። አባቴ፣ ያስታመሙኝ እርስዎም ነዎት።

አንዱን ነገር ግን ለእናቴ ነው የምጽፈው።

ሐምሌ 6 ቀን 1977 ዓ.ም. ለንደን ዌምብሌይ ስታዲየም ወደ 72,000 ሰው ተሰበሰበ። ኮንሰርቱ በረሃቡ ምክንያት የተሰናዳ ነው፣ ለእኛ። ኩዊኖች 20 ደቂቃ ያህል ቢሰጣቸው ስድስት ዘፈን ዘፈኑ። «ሬዲዮ ጋ ጋ» ላይ ያ ሁሉ ሕዝብ እጁን አንድ ላይ ሲያነሳና ሲያጨበጭብ ነፋስ የመታው የጤፍ ማሳ ይመስላል። ከመድረክ ዘፈን እስካሁን የሚበልጠው የለም የሚሉ ብዙ ናቸው፣ እኔም አንዱ ነኝ።

ያን ክረምት እኔ 7 ዓመቴ ነበር። እናቴ ከአምባሰል በእግራችን ደሴ አምጥታናለች። መንገድ ላይ የቀረች ታናሽ እህት አለችኝ። ከዚህ በላይ አልጽፍም። ስለዚህ ያንን ቪዲዮ ለብዙ ዓመት በሙሉ ልቤ ማየት አልቻልኩም። ዘፈኑን እወደዋለሁ፣ ጭፈራው ግን ይቆረቁረኛል። ዓለም ወሎን ያወቀው በአጥንታችን ነው፤ ይሄ አሁንም አልወጣልኝም። ለእናቴም አሳይቻት አላውቅም ነበር።

ሆስፒታል ውስጥ አንድ ከሰዓት በስልኬ ሳይ ደረሰችብኝ። «ምንድን ነው?» ብላ ተጠጋች። ነገርኳት። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ እስከ መጨረሻው አየችው።

«ለእኛ ነው የዘፈኑት?»

«አዎ እማ።»

«ስንዴ መጣ፣ በላን። ከማን ነው ብሎ የጠየቀ የለም። የራበው ሰው ምኑን ይጠይቃል?» ዝም አለች። «ይሄ ሪዛሙ አለ?»

«ሞቷል።»

«መቼ?»

«በ84።»

«ነፍስ ይማር። ሳናመሰግነው።»

ይህን ደብዳቤ የጀመርኩት በዚያ ማታ ነው። ስለዚህ የሃረጎዎቹ ሰዎች ሆይ፣ በተለይ አንተ ባለ ጋቢው፦ ስምህን አልጠየቅኩም፣ ፊትህንም በጉሙ በደንብ አላየሁትም። ጋቢህን ሚስቴ ሦስት ጊዜ አጥባዋለች። ደሙ ለቋል፣ ከጥለቱ ጥግ ያለችው አንዲት ቡናማ ነጥብ ብቻ እምቢ ብላለች። አዲስ ጋቢም ገዝተን አጠገቡ አስቀምጠናል። ሁለቱም ሱቄ ውስጥ፣ ከካሴቶቹ በላይ ያለው መደርደሪያ ላይ ናቸው። ፒያሳ ደርሰህ «የኩዊን ሱቅ» በል፣ ልጆቹ ያሳዩሃል። ከሦስት ሰዓት ጀምሮ አለሁ።