ሂሮሺማ የሚሄድ ወንዙንም ይሻገር

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

በጃፓኗ ከተማ ሂሮሺማ ላይ የአቶሚክ ቦምብ የተጣለበት ሐምሌ 30 በቀረበ ቁጥር፣ በዚያው ቦምብ ጦስ የሞተችው የሳዳኮ ሳሳኪ ታሪክ ይነሣል። በታሪኩ ውስጥ ግን አንድ ስህተት ይደጋገማል፤ 1000 የወረቀት ሽመላ ያጠፈ ምኞቱ ይሞላለታል ተብሎ ይታመናልና፣ ልጅቱ ለመዳን ብላ 644 አጥፋ 1000 ሳትሞላ ሞተች ይባላል። እውነቱ ከ1000 በላይ ማጠፏ ነው። ቦምቡ ሲጣል 2 ዓመቷ ነበር፤ በደም ካንሰር ያረፈችው በ12 ዓመቷ፣ ጥቅምት 14 ቀን 1948 ዓ.ም. ነው። ቁጥሩን ሞልታም አልዳነችም። እባካችሁ ለተማሪዎች እንዲሁ ንገሯቸው።

በሂሮሺማ የሰላም መታሰቢያ ፓርክ ለሳዳኮና በቦምቡ ለሞቱ ልጆች የቆመው፣ 9 ሜትር ቁመት ያለው የልጆች የሰላም ሐውልት የተመረቀው ሚያዝያ 27 ቀን 1950 ዓ.ም. ነው፤ የእኛ የድል በዓል ለጃፓኖች የሕፃናት ቀን ነው። ሽመላ ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ 7.5 ሴንቲ ሜትር በ7.5 ሴንቲ ሜትር የሆነ ወረቀት ይበቃል። አራቱ ጎኖች እኩል ካልሆኑ አንዱ ክንፍ ይረዝማል፣ ምንቃሩም ይጣመማል፤ ስለዚህ እያንዳንዱን እጥፋት በጥፍር ደህና አድርጋችሁ ተጫኑት። ክንፎቹን አትዘርጓቸው፤ ተዘርግተው ከተሰኩ አይደራረቡም። አርባ አርባውን በአንድ ክር ስትሰኩ 25 ክር 1000 ይሞላል። ከክሩ ጫፍ ቁልፍ ወይም ቁራጭ ካርቶን ካልታሰረ የታችኛዋ ሽመላ በክብደቱ ትቀደድና ሌሎቹም ተከትለው ይወርዳሉ። ሐውልቱ ላይ አታንጠልጥሉ፤ ዙሪያውን ለዚሁ የተሠሩ የመስታወት ማስቀመጫዎች አሉ።

አብዛኛው ጎብኚ ከዚህ ይመለሳል። ይህ ያሳዝነናል፤ ምክንያቱም የሞቶያሱን ወንዝ ተሻግሮ፣ ከቦምቡ ተርፎ ፍርስራሹ ለመታሰቢያ ከቆመው ባለ ጉልላት ሕንፃ በስተደቡብ፣ ለሥራ የተመለመሉ ተማሪዎች መታሰቢያ ግንብ አለ። ቁመቱ 12 ሜትር ነው፣ አምስት ደርብ። ቦምቡ በተጣለበት ጠዋት ከ8,000 በላይ ተማሪዎች፣ ብዙዎቹ የ12 እና የ13 ዓመት ልጆች፣ የአየር ድብደባ እሳት ከሰፈር ወደ ሰፈር እንዳይዛመት በመንግሥት ትእዛዝ ቤት እያፈረሱ ነበር። ወደ 6,300 የሚጠጉት አለቁ። ይህን ያህል የሞቱት ሥራው ከመሃል ከተማው አጠገብ፣ ሜዳ ላይ ስለነበር ነው፤ ከለላ የሚሆን ግድግዳ አልነበራቸውም። ሳዳኮን ሁሉም ያውቃታል፤ የእነዚህን ግን ስማቸውን የሚጠራ ጥቂት ነው።

ቦምቡ የፈነዳው ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ላይ ነው። ግንቡ ሥር በዚያች ሰዓት መቆም የሚፈልግ ሐምሌ 30ን ትቶ ሌላ ቀን ይምረጥ፤ በዕለቱ በሥነ ሥርዓቱ ምክንያት አካባቢው በሕዝብ ይጨናነቃል።