አዳራሹ ሳይለሰን

ይድረስ ለጋዜጣችሁ አዘጋጅ፦

የምጽፍላችሁ ከደብረ ማርቆስ ነው። ኤሌክትሪሻን ነኝ። ሰፈራችን አጠገብ ትልቅ የስብሰባ አዳራሽ እየተሠራ ነው። ግድግዳው ቆሟል፣ ልስን ገና ነው። በዚያ ባለፍኩ ቁጥር አንድ ነገር ይከነክነኛል።

በ2012 ዓ.ም. ኮቪድ ሲመጣ አንድ የተማሪዎች ማደሪያ ለይቶ ማከሚያ ይሁን ተባለ። የትኛው እንደሆነ ይቅር። እኔም መስመር እንዳይ ተጠራሁ። ተደራራቢው አልጋ ወጣ፣ በረኪና ተረጨ፣ በሁለት ቀን አለቀ ተብሎ ተጨበጨበ። ከዚያ የኦክስጅን ማሽኖቹ መጡ። ማሽኑ ኦክስጅኑን የሚያወጣው ከክፍሉ አየር ነው፤ መብራት ከሌለ ግን ባዶ ሣጥን ነው። አንዱ እንደ ዓይነቱ ከ350 እስከ 600 ዋት ይስባል። የወለሉ ሶኬት በሙሉ ደግሞ የተንጠለጠለው በአንድ ባለ 16 አምፔር ብሬከር፣ ማለትም ጭነት ሲበዛበት መብራቱን በሚቆርጥ መቆጣጠሪያ ላይ ነው። ተማሪ ስልኩን ቻርጅ እንዲያደርግበት የተሠራ ነዋ!

ሰባት ማሽን እንደምንም ቻለ። ማታ ተረኛዋ የሻይ ውሃ ማፍያ ስትሰካ ወለሉ ጨለመ። ነርሶቹ በስልክ መብራት የኦክስጅን ሲሊንደር ሲያንከባልሉ አሁንም ይታየኛል። ትልቁ ሲሊንደር 7,000 ሊትር ገደማ ቢይዝ ነው። በደቂቃ 10 ሊትር ለሚፈልግ ሰው 12 ሰዓት እንኳ አይሞላም።

በሩም ጠባብ ነበር። አንድ አባት በቃሬዛ ደረጃውን ሲወጡ፣ «ከማቻከል እዚህ ድረስ ያልተንገላታሁትን ደረጃው ላይ ጨረሳችሁኝ» አሉን።

አዲስ አበባ ሚሊኒየም አዳራሽን ወደ 1,000 የሚጠጋ አልጋ ያለው ማከሚያ አድርጋ ነበር። እኛም ክፉ ቀን ከመጣ ዓይናችን የሚያርፈው እዚሁ አዲሱ አዳራሽ ላይ ነው። ታዲያ መስኮቱ የማይከፈት መስታወት ሊሆን ነው አሉ። በትንፋሽ የሚተላለፍ በሽታ ያለበት ክፍል እኮ አየር እንዲያልፍ ፊት ለፊት የሚተያዩ ክፍት መስኮቶች ይፈልጋል። የጮቄን ብርድ አውቀዋለሁ፤ ብርድ ልብስ ይደረባል እንጂ መስኮት አይደፈንም።

የምለው ብዙ አይደለም። በየግድግዳው ለብቻው ብሬከር ያለው መስመር ይዘርጋ። መብራት ሲጠፋ ወደ ጀነሬተር የሚያዞር መቀየሪያ ይኑረው። በሩ አልጋ ያሳልፍ፣ ደረጃው አጠገብ ተዳፋት ይሠራ። አሁን ከሆነ ሽቦው የሚያልፍበትን የፕላስቲክ ቱቦ ቀብሮ ማለፍ ነው። ከተለሰነ በኋላ ግን ግድግዳ መፈልፈል ሊመጣ ነው።

ልስኑ ከፋሲካ በኋላ ይጀመራል ብለውኛል። ቱቦውን ለመቅበር የእጅ ዋጋ አልጠይቅም፤ ፈቃድ የሚሰጠኝ ሰው ብቻ ነው ያጣሁት።

አንባቢያችሁ
ከደብረ ማርቆስ