የሊንዲስፋርንን ገዳም ያፈረሰው ማን ነው?

ለተከበረው የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በሰሜን ምሥራቅ እንግሊዝ፣ ሊንዲስፋርን በተባለችው ደሴት ላይ ያለውን የገዳም ፍርስራሽ ጎብኝተው የተመለሱ ወገኖቻችንን ማን እንዳፈረሰው ስጠይቅ፣ ብዙዎቹ «ቫይኪንጎች ናቸዋ!» ይሉኛል፤ ከስካንዲኔቪያ በባሕር የመጡትን ዘራፊዎች ማለታቸው ነው። ይህ አባባል በሕትመት እንዳይደገም በመስጋት ይህችን ማስታወሻ ልኬያለሁ፤ ስሕተቱ የሚመጣው በአንድ ደሴት ላይ በተለያየ ዘመን የኖሩ ሁለት ገዳማትን እንደ አንድ ከመቁጠር ነው።

የመጀመሪያውን ገዳም በ635 እ.ኤ.አ. የመሠረተው፣ የኖርዘምብሪያው ንጉሥ ኦስዋልድ ከአዮና ደሴት ያስመጣው ቅዱስ አይዳን ነው። የ8ኛው መቶ ዘመን ታሪክ ጸሐፊ ቤዳ እንደሚነግረን፣ የአይዳን ተተኪ ያሠራው ቤተ ክርስቲያን ከተጠረበ የባሉጥ እንጨት የቆመና በሸምበቆ የተከደነ ነበር። ቫይኪንጎች በ793 የዘረፉት ይህንን ቀደምት ገዳም ነው፤ እንዲያም ሆኖ መነኮሳቱ ከዚያ በኋላ ከ80 ዓመት በላይ ቆይተው፣ በ875 የቀድሞ ጳጳሳቸውን የቅዱስ ከዝበርትን አስከሬን ተሸክመው ተሰደዱ። አስከሬኑ በመጨረሻ ያረፈው እዚያው በሰሜን ምሥራቅ እንግሊዝ ባለችው በደርሃም ከተማ ነው።

ዛሬ የምናየው የቀይ አሸዋማ ድንጋይ ሕንፃ ግን የ12ኛው መቶ ዘመን ሥራ ሲሆን፣ ያነጹትም ከደርሃም ገዳም የመጡ የቅዱስ ቤኔዲክት ሥርዓት መነኮሳት ናቸው። ገዳሙ ራሱን የቻለ አልነበረም፤ የሚመራው ለደርሃም በሚታዘዝ አለቃ ነበር። የእኛን የአንድነት ገዳማት የሚያውቅ ሰው በፍርስራሹ መካከል ሲዘዋወር የጋራ መመገቢያውንና ዳቦ መጋገሪያውን ለመለየት አይቸገርም፤ የቢራ መጥመቂያም ነበራቸው፣ ይህ አንዳንዱን ሊያስገርም ይችላል። ከስኮትላንድ ጋር ጦርነት በተነሣ ጊዜ ደግሞ ግቢው እንደ ምሽግ ተጠናከረ።

ይህን ገዳም በ1537 የዘጋው የእንግሊዙ ንጉሥ የሄንሪ 8ኛ መንግሥት ነው። ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ ቀስ በቀስ የመጣ ነው፦ ድንጋዩ በደሴቲቱ ላይ ለተሠራው የጦር ምሽግ ተወሰደ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ዕቃ ማከማቻ ሆነ፣ የጣሪያው እርሳስ ተገፈፈ፣ በ18ኛው መቶ ዘመንም የመካከሉ ግንብ ወደቀ። ግንቡን ከተሸከሙት ቅስቶች በላይ በሰያፍ ከተዘረጉት የጣሪያ ዐጥንቶች አንዱ ብቻ ያለ ምንም ክዳን አየር ላይ ተንጠልጥሎ ቀርቷል፤ አገሬው «የቀስተ ደመና ቅስት» ይለዋል።

ስለዚህ የዚህ ቅስት ፎቶግራፍ በጋዜጣችሁ የሚወጣ ከሆነ፣ ከሥሩ የሚጻፈው ዓመት 793 ሳይሆን 1537 እንዲሆን በትሕትና እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ፣ ከእንግሊዝ