ድድ ሳይጸዳ ደም አይቀዳ

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

የምኖረው ባሕር ዳር ሲሆን አክስቴ የዘጌ ሰው ናቸው። ባለፈው ዓመት በመፋቂያ ሲነኩት ድዳቸው እየደማ፣ ሁለት መንጋጋቸውም እየተነቃነቀ ቢያስቸግራቸው በጠዋቱ ጀልባ ወደ ከተማ መጡ። የገቡበት ክሊኒክ አፋቸውን በወጉ ሳያይ፣ «ከራስዎ ደም የሚሠራ መድኃኒት ድድዎን መልሶ ያበቅለዋል» ብሎ ዋጋ ነገራቸው። በጥርሳቸው ሥር እንደ ጠጠር ስለ ደረቀው ቆሻሻ ያነሳ አልነበረም።

ሕክምናው ሐሰት አይደለም፤ እኔን ያሳዘነኝ እውነተኛ ነገር ያለ ቦታው መቅረቡ ነው። ፒ.አር.ኤፍ. የተባለውን ይህን ከራስ ደም የሚሠራ ዘዴ እ.ኤ.አ. በ2001 ያስተዋወቁት ፈረንሳዊው ሐኪም ጆሴፍ ሹክሩንና ባልደረቦቻቸው ናቸው። ከክንድ የተቀዳው ደም፣ በአንድ ብልቃጥ 10 ሚሊ ሊትር ገደማ፣ መርጋትን የሚከለክል ኬሚካል ሳይጨመርበት ወዲያውኑ ሴንትሪፊዩጅ በተባለው መሣሪያ ለደቂቃዎች ይሽከረከራል። ቀዩ ክፍል ከታች ይዘቅጣል፣ የጠራው ፈሳሽ ከላይ ይቀራል፣ በመካከላቸውም ቢጫ የረጋ ነገር ይገኛል፤ ሐኪሙ ይህንን በቀስታ ጨምቆ ስስ ሽፋን ያደርገዋል። በውስጡ የታሰሩት ፕሌትሌቶች፣ ማለትም ደም እንዲረጋ የሚያግዙ ጥቃቅን የደም ክፍሎች፣ ቁስል እንዲጠግ የሚያግዙ ንጥረ ነገሮችን ለቀናት ቀስ በቀስ ይለቃሉ። ደም መቀዳትን የሚፈሩ ወገኖቻችንም፣ የሚወሰደው ለደም ባንክ ከሚለገሰው አንጻር እጅግ ጥቂት መሆኑን ቢያውቁ መልካም ነው።

ነገር ግን የድድ በሽታ መነሻው በጥርስ ላይ የሚጋገረው የባክቴሪያ ክምችት ስለሆነ፣ እርሱ ሳይጠረግ ይህንን ሽፋን ማኖር ምርጥ ዘርን ባልታረመ ማሳ ላይ እንደ መበተን ነው። ጥቅሙ በተሻለ የታየውም የጥርሱ ዙሪያ አጥንት ወደ ታች ተበልቶ ጎድጓዳ በፈጠረበት ቦታ፣ ድዱ ተከፍቶ ሥሩ ከጸዳ በኋላ ሲጨመር ነው። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ፣ ስኳሩ ያልተስተካከለለት ወይም ሲጋራ የሚያጨስ ሰው አስቀድሞ ለሐኪሙ መንገር አለበት።

ስለዚህ የጤና ዓምዳችሁ አንባቢው ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት፣ «ጥርሴ በሐኪም ታጥቧል ወይ? በድዴና በጥርሴ መካከል ያለው ክፍተት ስንት ሚሊ ሜትር ነው?» ብሎ እንዲጠይቅ ደጋግሞ እንዲያሳስብ እለምናለሁ። አክስቴ በሌላ ሐኪም ዘንድ በሁለት ቀጠሮ ጥርሳቸውን ታጥበው፣ ከሁለት ወር በኋላ በቀጭኗ መለኪያ ሲለኩ መድማቱ ቆሞ፣ አብዛኛው ክፍተት ወደ 3 ሚሊ ሜትር ወርዶ ተገኝቷል። አንዱ የታች መንጋጋ ጥርስ ብቻ 7 ላይ ቀርቷል፤ በሚቀጥለው ወር ደማቸው የሚቀዳውም ለእርሱ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ፣ ከባሕር ዳር