ክራባቱ ይቆይህ

ይድረስ ለምወድህ ልጄ፣

ለጤናህ እንደምን አለህ? እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ብቻ ብርዱን አልወደደውም። አባትህም ደህና ነው፤ ዛሬም ቁልፉን ጠፋ ብሎ ቤቱን ሲያተራምስ ነው የዋለው።

ትናንት ሁለት ቦታ ለሥራ ተፈትነህ እንዳለፍክ ነገርከኝ። አንዱ እዚህ አዲስ አበባ፣ ሽያጭ ክፍል። አንዱ አሰላ፣ የመስክ መካኒክ። «እማዬ፣ ሽያጩ ይሻላል መሰለኝ፤ ኮሚሽን አለው» አልክ። እኔም እሺ እሺ ብዬ ዘጋሁት። ሌሊቱን ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። በስልክ እንዳላወራህ ኔትወርኩ ይቆራረጣል፣ አንተም አላስጨርስ ትለኛለህ። ስለዚህ ጻፍኩት።

ትራክተርና ዶዘር ከሚሸጥበት ቤት መለዋወጫ መስኮት ላይ 26 ዓመት ቆሜያለሁ። ሰው ያ ቤት ማሽን ሸጦ የሚኖር ይመስለዋል። እስቲ አስበው፣ አንድ ዶዘር ለአንድ ሰው ስንት ጊዜ ይሸጣል? አንዴ። ከዚያ በኋላ ግን ዓመት ከዓመት ፊልትሮ ይፈልጋል፣ ዘይት ይፈልጋል፣ ኩሽኔታ ይፈልጋል። በየ250 ሰዓቱ የሞተር ዘይት፣ 500 ሲሞላ ሌላ፣ 1000 እና 2000 ሲሞላ ደግሞ ሌላ። ሰዓት የምልህ ማሽኑ የሠራበትን የሚቆጥረውን ነው። የዚያ ቤት እንጀራ የሚጋገረው እዚያ ላይ ነው።

ዶላር ጠፍቶ ኤልሲ፣ ያ ዕቃ ከውጭ ለማስመጣት ባንክ የሚሰጠው የክፍያ ዋስትና፣ ለመክፈት ወራት ሲጠበቅ አይቻለሁ። አዲስ ማሽን አይገባም። ሻጮቹ ሻይ ሲጠጡ ይውሉ ነበር። ወርክሾፑ ግን ማቆሚያ ቦታ አይገኝበትም። አዲስ መግዛት ያልቻለ ሰው አሮጌውን ያስጠግናላ! በሐምሌ 2016 የምንዛሪው ዋጋ ለገበያ ሲለቀቅም አስታውስ። ዶላሩ ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። በእንዲህ ያለ ጊዜ ኮሚሽን ምኑን ኮሚሽን ሆነ?

ሽያጭ መጥፎ ነው እያልኩህ አይደለም። የግብርና ማሽን በ2011 ከቀረጥ ነፃ እንዲገባ ከተፈቀደ ወዲህ፣ በሊዝ፣ ማለትም ማሽኑን እየሠሩበት በየጊዜው እየከፈሉ መግዛትም ከመጣ በኋላ፣ የማኅበር ገበሬዎች ሳይቀሩ ዋጋ ሊጠይቁ ይመጣሉ። ግን ምን እንደሚጠይቁ ታውቃለህ? ዋጋውን አይደለም መጀመሪያ። «ሲበላሽ ማን ይመጣልኛል?» ነው የሚሉት። መረሬ ላይ፣ ያ የሚጣበቀው ጥቁር አፈር ላይ፣ ስንት ፈረስ ጉልበት ያለው ትራክተር ማረሻ ይጎትታል ብለው ይጠይቃሉ። ከካታሎግ ያነበበ ሻጭ እዚህ ጋ ይንተባተባል። እኛ ቤት አንደኛ የነበረው ሻጭ 9 ዓመት ቱታ ለብሶ ነው ክራባት ያሰረው። ገበሬው እጁን ሲጨብጠው ያውቀዋል።

አሁን ለማንም ያልነገርኩትን ልንገርህ።

ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት፣ ታኅሣሥ ላይ፣ አንድ ገበሬ ከባሌ መጣ። ከሮቤ እዚህ 430 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሌሊት ተነሥቶ በአውቶቡስ ነው የመጣው። የኮምባይነር ቺንጋ ፈለገ፤ የእህል ማጨጃ ማሽኑን ቀበቶ ማለቴ ነው። የማሽኑን ስም ነገረኝ፣ ሞዴሉን ነገረኝ። ወረፋው ረጅም ነበር፤ ተጣደፍኩ። የማሽኑን ሴሪያል ቁጥር ሳልጠይቀው አውጥቼ ሰጠሁት። በአራተኛው ቀን ተመልሶ መጣ። ቺንጋውን መስኮቱ ላይ ቀስ አድርጎ አስቀመጠው። በሁለት ጣት ያህል አጥሯል። አልጮኸም። «እህቴ፣ ቁጥሩን ጠይቀሽኝ ቢሆን ኖሮ በወረቀት ጽፌ አመጣልሽ ነበር» አለኝ። ያለወቅቱ ዝናብ ጥሎ ስንዴውን እንዳስተኛው የነገረኝ ሒሳቡን ስመልስለት ነው። ያን ቀን ምሳ አልበላሁም። ከዚያ ወዲያ ቁጥር ሳልጠይቅ አንዲት ብሎን አልሸጥኩም።

አሰላ ሂድ የምልህም ለዚህ ነው። እዚያ ኮምባይነር የሁሉም ነው። ሁለት ሄክታር ያለው ገበሬ አይገዛውም፤ ይከራየዋል፣ በኩንታል ሒሳብ ይከፍላል። አንዱ ማሽን ሲቆም ተራ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ ይቆማል። ጠዋት ጤዛ ስላለ አይታጨድም። ጤዛው ሲደርቅ ነው የሚጀመረው። ስለዚህ አንድ ከሰዓት በኋላ መጥፋት ማለት ትልቅ ነገር ነው። የአርሲው ሲያልቅ ደግሞ ባሌ አለልህ፤ በዓመት ሁለቴ ያጭዳሉ። ቁሉምሳም ቅርብህ ነው። ጀርመኖች የረዱት የግብርና ማሽን ማሠልጠኛ እዚያ ነው ያለው፤ ኮርስ ከተገኘ እንዳታልፈው።

አያትህ ቢኖር ግን ይሥቅብኝ ነበር። እሱ ያደገው እዚያው አርሲ፣ ጭላሎ ነው፤ ትራክተር ሲባል ፊቱ ይጠቁራል። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ስዊድኖች ከመንግሥት ጋር ያቋቋሙት ካዱ፣ የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት፣ የታሰበው ለትንሹ ገበሬ ነበር። ባለመሬቶቹ ግን ትራክተሩን ሲያዩ ጭሰኛውን አስነሥተው ራሳቸው ያርሱ ጀመር። የልጅ ልጁ ለባለ ሁለት ሄክታሩ ገበሬ ማሽን ሊያስነሣ ነው ብዬ ብነግረው ምን ይል ይሆን?

ቀላል ነው ብዬ አልዋሽህም። የመስክ መካኒክ ካቢን ውስጥ ያድራል። አቧራው ከፀጉር አይወጣም። መነሻ ደመወዙም ትንሽ ነው፤ ውሎ አበሉና ትርፍ ሰዓቱ ነው የሚደጉመው። ደግሞ የዛሬ መካኒክ መፍቻ ብቻ አይዝም። ላፕቶፕ ሰክቶ የብልሽቱን ኮድ ያነባል። ዘይቱን በጠርሙስ ቀድቶ ላቦራቶሪ ይልካል። ሲሊከን ከበዛበት አቧራ ገብቷል፣ የአየር ፊልትሮውን እይ ማለት ነው። ኬሚስትሪ ምን ያደርግልኛል እያልክ ታስቸግረኝ አልነበር?

ቋንቋውም ሁለት ነው። ጋራዥ ውስጥ ሁሉም ነገር ጣሊያንኛ ነው፤ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ካቻቢቴ። ካታሎጉ ግን በእንግሊዝኛ ነው፤ ጊርቦክስ፣ ክላች ይልሃል። እኔ ሁለቱን ጎን ለጎን እየጻፍኩ የያዝኩት ደብተር አለ። «ወንድ ጥሪልኝ» የሚሉኝን ደንበኞች አፍ ያስያዝኩት በሱ ነው። ከበርበሬው ጋር ልኬልሃለሁ፤ አንዳንድ ገጹ ዘይት ነክቶታል፣ ይነበባል።

አንድ ነገር ደግሞ ስማኝ፣ በሞቴ። የሃይድሮሊክ ቱቦ ሲያፈስ ቀዳዳውን በእጅህ እንዳትፈልግ። በዓይን በማይታይ ቀዳዳ የሚወጣው ዘይት በግፊቱ ቆዳ በስቶ ይገባል። መርፌ የወጋህ ያህል ብቻ ነው የሚሰማህ፤ ጣት እስከ ማስቆረጥ ይደርሳል። ካርቶን አስጠጋና እዚያ ላይ ሲረጭ እይ። ነካኝ ብለህ ከጠረጠርክ ሳታመነታ ሆስፒታል፣ ያኔውኑ።

ሁለት ሦስት ዓመት አሰላ ሠርተህ ሽያጭ አማረኝ ካልክ ክራባቱን እኔ ራሴ እገዛልሃለሁ። ለአሁኑ የላክሁልህን ገንዘብ አፍንጫው ብረት ያለው ጫማ ግዛበት። ሹራብ አትርሳ፣ የአሰላ ብርድ አይጣል ነው።

ያቺ ልጅ የሰጠችህን ቀለበትም ሥራ ላይ አውልቀው። ጣትህን ይዞ ይቀራል። ቅር ካላት እኔን ታናግረኝ።

እናትህ