ስለ «10 ሰከንድ አስተኙት» ምክር

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ባለፈው ቅዳሜ በቴክኖሎጂ ገጻችሁ ለጀማሪ ፕሮግራመሮች የወጣውን ምክር አነበብኩት። የቴስት ስክሪፕት (ሌላ ፕሮግራምን የሚፈትሽ አጭር ፕሮግራም) ሰርቨሩን፣ ማለትም ጥያቄ ተቀብሎ መልስ የሚሰጠውን ፕሮግራም፣ ካስነሳ በኋላ ወደ ሙከራው ከመግባቱ በፊት «10 ሰከንድ አስተኙት» ይላል። ጸሐፊው አይቀየሙኝና፣ እኔ በዚህች ምክር ሁለት ወር ተንገላትቻለሁ።

የእኔ 5 ሰከንድ ነበረች። ስክሪፕቴ ሰርቨሩን ያስነሳል፣ «ስሊፕ 5» ይላል (5 ሰከንድ ተኝቶ ይጠብቃል ማለት ነው)፣ ከዚያ 8080 ፖርት ላይ፣ ማለትም ሰርቨሩ እንግዳ በሚቀበልበት ባለቁጥር በር፣ ይገናኛል። ላፕቶፔ ላይ አንድም ቀን ወድቆ አያውቅም። ቢሮ ያለችው አሮጌ ማሽን ላይ ግን፣ በተለይ መብራት ሄዶ ሲመጣና ሁሉም ነገር አንድ ላይ ሲነሳ፣ ሰርቨሩ ፖርቱን እስኪከፍት ሰባት ስምንት ሰከንድ ይፈጅበታል። ጠዋት ስገባ «ኮኔክሽን ሪፊውዝድ» (ግንኙነቱ አልተፈቀደም) የሚል መልእክት ይጠብቀኛል። አለቃዬ «ኮዱን ምን አደረግከው?» ይላል፤ ድጋሚ ሳስኬደው ያልፋል! ወደ 10 ከፍ አደረግኩት። 60 ቴስት አለን፤ እያንዳንዱ 10 ሰከንድ ሲተኛ፣ 10 ደቂቃ ሙሉ እጅን አጣጥፎ መቀመጥ ማለት ነው። እሱም ሆኖ አንድ ማለዳ 11 ሰከንድ ፈጀና ወደቀ።

እናቴ ምጣዱ መጋሉን በሰዓት አትለካም፤ ጠብታ ሊጥ ጣል አድርጋ ታየዋለች። እኔም ፖርቱን ራሱን መጠየቅ ጀመርኩ። በየ0.1 ሰከንዱ በ«ኔትካት» (ፖርት ላይ ለመገናኘት በሚሞክር ትእዛዝ) የሚያንኳኳ ሉፕ፣ ማለትም ራሱን የሚደጋግም ኮድ፣ ጻፍኩ፤ ፖርቱ ሲከፈት ያልፋል፣ ሰርቨሩ ከሞተ ወይም 30 ሰከንድ ካለፈ ሎጉን (ሰርቨሩ የሆነውን የሚጽፍበትን መዝገብ) አሳይቶ ያቆማል።

ተገላገልኩ ስል ሌላ መጣ። ከሰርቨሮቻችን አንዱ ለሙከራ ብቻ የተሠራ ነው፤ አንድ ኮኔክሽን ተቀብሎ አስተናግዶ ይዘጋል። ለካ የመጀመሪያው እንግዳ የእኔ ማንኳኳት ሆኖ ኖሯል! እሱን ሸኝቶ በሩን ሲዘጋ፣ እውነተኛው ቴስት ደርሶ ባዶ ደጅ ያገኛል። ይህን ለማወቅ አንድ ምሽት ሙሉ ፈጀብኝ፤ ስክሪፕቱ «ተከፍቷል» ባለ ቁጥር አምነዋለሁና። መፍትሔው ሳያንኳኩ ማየት ነው። ሊኑክስ ላይ «ኤስኤስ» የምትባለው ትእዛዝ የትኞቹ ፖርቶች እያዳመጡ እንደሆነ ሳትነካቸው ትዘረዝራለች። እሷ በሌለችበት «ፕሮክ» ማውጫ ውስጥ ያለውን የቲሲፒ ሠንጠረዥ (የኔትወርክ ግንኙነቶች ዝርዝር) መክፈት ይቻላል፤ እያዳመጠ ያለ ፖርት ሁኔታው «0ኤ» ተብሎ ነው የሚጻፈው፣ 8080ም እዚያ በአሥራ ስድስት ቤት ቁጥር «1ኤፍ90» ነው።

ፖርት ተከፈተ ማለት ግን አገልግሎቱ ዝግጁ ነው ማለት አይደለም። ለፖስትግሬስ ዳታቤዝ፣ ጥያቄ መቀበል መጀመሩን የሚጠይቅ «ፒጂ ኢዝሬዲ» የሚባል የራሱ መሣሪያ አለው።

በሚቀጥለው እትም ቦታ ከተገኘ፣ በ10 ሰከንዷ ፋንታ ሉፑን አውጡላቸው፤ ከስድስት ሰባት መስመር አይበልጥም።

ከሰላምታ ጋር፣
አንድ የሶፍትዌር ሞካሪ፣ ከገርጂ፣ አዲስ አበባ