የድምፅ መቅጃሽ ተገኘ

ድሬዳዋ፣ ለገሃር

እህት ዓለም፣ እንዴት ነሽ? ልጆቹስ? አራት ዓመት ድምፄን አጥፍቼ ዛሬ "እንዴት ነሽ" ስልሽ ወረቀቱን ቀደሽ ብትጥዪው አልፈርድብሽም። ስልክ እያለ ደብዳቤ የመረጥኩት ፈርቼ ነው። ብደውል ከሰላምታ በፊት የምትይኝን አውቃለሁ፤ "መቅጃዬስ?"

ተገኘ። አቦ፣ እውነቴን ነው! ለአንድ ሳምንት ብዬ ወስጄው ቤት ስንቀይር የት እንደገባ ጠፋኝ። እሱን ሳልይዝ መደወል አፈርኩ፤ ዛሬ ነገ ስል ዓመት አለፈ፤ ከዚያ በኋላ እፍረቱ ከዕቃው በለጠ። ባለፈው ሳምንት የእናቴን ሳጥን ሳገላብጥ ከነጠላ ሥር ወጣ። ባትሪ ከተትኩበትና ሠራ። ውስጡ ያለው ያኔ ከዚራ ሰፈር ዛፍ ሥር ቃለ መጠይቅ ልታለማምጂኝ የቀዳሽው ነው፤ የባጃጅ ጥሩንባ፣ የእኔ ሳቅ፣ ከዚያ ያንቺ ድምፅ፤ "ከሥራ የወጣሽ ቀን ማታ ምን በላሽ?" እኔ "ምንም" ብዬ ዝም፤ አንቺም ዝም። ቆጠርኩት፤ 11 ሰከንድ ነው። ከዚያ ማንም ሳይጠይቀኝ ለእናቴ እንኳ ያልነገርኳትን ሁሉ ዘረገፍኩት።

ለምን እንደፈለግኩት ልንገርሽ። ድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዲግሪ ጀምሬአለሁ፤ በዚህ ዕድሜዬ፣ ሳቂ። የመመረቂያ ጽሑፌ ርዕስ ሲነበብ ትንፋሽ ያሳጥራል፤ "የማኅበራዊ ድጋፍና የሥራ ስምሪት ፕሮግራሞች ቅንጅት"። በሰው አማርኛ፣ ሴፍቲኔት (የድሆች ድጋፍ ፕሮግራም) የገባችውን ሴት ወደ ሥራ የሚያሻግራት ማነው ለማለት ነው።

የከተማ ልማታዊ ሴፍቲኔት በ2009 ሲጀመር 11 ከተሞች ነበሩ፤ እኛም፣ ሐረርም፣ ያንቺዋ ጂግጂጋም ነበሩበት። ጉልበት ያለው ጎዳና ይጠርጋል፣ ቦይ ያጸዳል፤ አረጋዊውና አካል ጉዳተኛው ቀጥታ ድጋፍ ያገኛል። ጠራጊዋ ከሚከፈላት ላይ 20 በመቶ ትቆጥባለች፤ ጊዜዋ ሲሞላ "ተመርቃ" በመቋቋሚያ ገንዘብ የራሷን ሥራ ትጀምራለች። ወረቀቱ የሚለው ይህን ነው። ላይ ፌደራል ስትሄጂ ግን ሴፍቲኔቱ ከተማና መሠረተ ልማት ሚኒስቴር ጋ ነው፤ ሥራው በ2014 የተቋቋመው ሥራና ክህሎት ጋ፤ ማኅበራዊ ጉዳዩ ደግሞ ሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ጋ። ታች ቀበሌ ሲደርስ ሦስቱም አንዲት ሴት ላይ ይገናኛሉ። አንዱ ቢሮ ከደቻቱ ወንዝ ወዲህ፣ አንዱ ወዲያ። በእግሯ የምትሻገር፣ ፎቶ ኮፒ የምታስነሳ እሷ ናት። ቅንጅቱን በፌስታል ይዛ ትዞራለች።

መጀመሪያ ያወጣሁት ጥያቄ ቀሽም ነበር። አንድ ባለሙያ ፊት ቁጭ ብዬ "ከሌላው ቢሮ ጋር እንዴት ትሠራላችሁ?" አልኩት። "በቅንጅት እየሠራን እንገኛለን" አለኝ። የዜና ድምፅ ነበር። አርባ ደቂቃ ቀዳሁት፤ ስገለብጠው የተረፈኝ ያችው "ቅንጅት" ናት። በዚያ ላይ አንደበቴን ታውቂዋለሽ፤ ድሬ አንቱ አያውቅምና "አንተ" ብዬው ሰውየው ከአዲስ አበባ የመጣ ኖሮ ፊቱ ተለወጠ።

አማካሪዬ ይህን ሰምታ የአሜሪካኖቹን ጉዳይ እንዳነብ ሰጠችኝ። በፈረንጆቹ 1996 በወጣ ሕግ ለድሃ ቤተሰብ የሚሰጡትን ድጎማ ከሥራ ጋር አሰሩት፤ ለአብዛኛው ቤተሰብም በፌደራል ገንዘብ ከ60 ወር በላይ እንዳይከፈል ገደብ አበጁ። በ2014 (የእኛው 2014 አይደለም፣ ቁጥሩ ገጥሞ ነው) ሌላ ሕግ መጣና የድጎማው ፕሮግራም በሥራ ስምሪት ማዕከሎቻቸው ውስጥ የግዴታ አጋር ሆነ፤ የስቴቱ ገዥ አይሆንም ካላለ በቀር። የገረመኝ ሚዛናቸው ነው። የድጎማው ቢሮ የሚለካው ሰዎቹ በሳምንት ስንት ሰዓት በሥራና መሰል ነገር ላይ ዋሉ ተብሎ ነው። የሥራው ቢሮ ደግሞ ከፕሮግራሙ ከወጡ በኋላ በሁለተኛውና በአራተኛው ሩብ ዓመት ሥራ ላይ ናቸው ወይ፣ ስንትስ ያገኛሉ ተብሎ። አንደኛው ዛሬውኑ ሰዓቷን እንድትሞላ ይፈልጋል፤ ሌላው ረጋ ብላ ሙያ ብትማር ይሻለዋል። አንድ ጣሪያ ሥር ቢያስቀምጧቸው እንኳ ሪፖርታቸው አይገናኝም። ታዲያ የእኛዎቹስ በምን ይሆን የሚለኩት? ያችው ሴት በሁለት ቢሮ ሪፖርት ላይ ሁለት ጊዜ ትቆጠር ይሆን? ይህን "በቅንጅት" የሚለው ሰውዬ አይነግረኝም።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉን ገለበጥኩት። ከ12 ሴቶች እጀምራለሁ፤ ቀጥሎ ስምንት የቀበሌ ሠራተኞች፤ አራቱን ኃላፊዎች መጨረሻ ላይ። ከላይ ከጀመርኩ ኃላፊው የተሳካላቸውን መርጦ ያመጣልኛል፤ ቡና ተፈልቶ፣ ሻሽ ታስሮ ይጠብቁኛል። ለሠራተኛዋም ጥያቄው ተለወጠ፤ "ወደዚያኛው ቢሮ የላክሻትን የመጨረሻዋን ሴት አስታውሺልኝ። በወረቀት ነው ወይስ በአፍ? ለማን ደወልሽ? በራስሽ ካርድ? መድረሷን በምን አወቅሽ?" በዚህ ላይ "በቅንጅት" ብሎ ማምለጥ ይከብዳል።

የጨነቀኝ የሴቶቹ ነው። ሳቢያን ሰፈር አንዲት እናት ጋ ለሙከራ ገብቼ ገና ስሟን ሳልጠይቅ "ልጄ፣ ይህን ከመለስኩ ከዝርዝር እወጣለሁ?" አለችኝ። አትወጪም አልኳት፤ አላመነችኝም። ወረቀትና እስክሪብቶ የያዘ ሁሉ ለእሷ መዝጋቢ ነው። ፈርሚ ብላት ደግሞ ባሰ። ፈቃዱን በቃል ብቻ ልቀበል፣ የቀበሌ ሰው አብሮኝ አይግባ፣ ክፍያ በሚገባበት ሰሞንም አልሂድ ብዬአለሁ። አንቺ ሌላ ምን ታደርጊ ነበር?

ቋንቋውም አለ። "ቅንጅት"ን በኦሮምኛ "ቂንዶሚና" ብለው የጻፉልኝን አንዲት የቀፊራ ገበያ ነጋዴ ላይ ሞከርኩት፤ "የቢሮ ነገር ነው?" ብላ ሳቀችብኝ። ሱማልኛዬ ደግሞ ከገበያ አያልፍም። አንቺ ሦስቱንም በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ስታገላብጪ ነው ያደግሽው።

ለታኅሣሥ 19 ከቁልቢ እንደማትቀሪ አውቃለሁ። ያን ሰሞን ቢሮ ሰው አይገኝም፤ ወሩ ሲያልቅ ደግሞ የግማሽ ዓመት ሪፖርት አለ፤ ባለሙያዎቹን ጥር ላይ ነው የማገኛቸው። ሴቶቹ ግን አሉ። ከቁልቢ ወደ ድሬ ውረጂና ሁለት ሦስት ቤት አብረን እንግባ፤ በጠዋት፣ ጠርገው ሲመለሱ። እኔ ልጠይቅ፤ ቶሎ ስናገር እግሬን ርገጪኝ። መጠጡ ሆጃ፣ ጣፋጩ ሙሸበክ በእኔ።

መቅጃውን በሰው አልልከውም። መጥተሽ ውሰጂ። የከዚራውን ቅጂ አላጠፋሁትም።

ያንቺው፣ የለገሃሯ